ምክትሌን በእግሩ ያስኬድኩበት በጋ

ሐኪም ሆዴን ከፍቶ ከዘጋ በኋላ ሳልታክት በእግሬ እንድሄድ ያነሣሣኝ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እነሱም ቢላ ያረፈባቸው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከአልጋ መነሣት የከበዳቸው ናቸው። ከአንድ ሽማግሌ አፍ የሚጠብቁትን መልስ አውቀዋለሁ፤ ጤናን መውደድ፣ ፈጣሪን ማመስገን፣ ለቤተሰብ ማሰብ። እኔም ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ስመልስ ኖሬአለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኔን ከአልጋ ያስነሣኝ ቂም ነበር፤ ያውም በአንድ ሰው ላይ የያዝኩት ቂም።

የምጽፈው በትዝታዬ ብቻ ተደግፌ ነው። ትዝታ ደግሞ ሲያረጅ እንደ ባለቤቱ ይሆናል፤ የፈለገውን ይሰማል፣ ያልፈለገውን አልሰማሁም ይላል። ስለዚህ በተጠራጠርኩበት ስፍራ ሁሉ መጠራጠሬን አልደብቅም።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ አሰላ ላይ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሥራዬ በአንድ በኩል እስከ ሲሬና አርቦዬ፣ በሌላ በኩል ተራራውን ተሻግሮ እስከ ጢቾ እየዞርኩ መምህራን ማስተማራቸውን፣ ጣራም አለማፍሰሱን ማየት ነበር። ውፍረቴ በአገሩ የታወቀ ነበር፤ ዛሬ ሐኪም የሚቆጣበት ውፍረት ያን ጊዜ ከማዕረግ ይቆጠር ነበር። ከዕረፍት ስመለስ የሚቀበለኝ ሰላምታ «አሁን ገና ሰው መሰሉ!» የሚል ነበር። አንድ ቀበቶ በጠበበኝ ቁጥር አንድ እርከን ያደግሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን ማዕረግ ያልወደደችልኝ በቅሎዬ ብቻ ነበረች። ሁለት ሰዎች ከኋላ ሲደግፉኝ፣ ሦስተኛው ከፊት ልጓሟን ሲይዝ፣ እሷ ጆሮዋን ጥላ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞር ነበር።

ከጊዜ በኋላ ስኳር ተገኘብኝ፤ ጉልበቴም ተሸነፈ። ተቀምጬ እንኳ ትንፋሼ ያጥረኝ ጀመር። አዲስ አበባ ላይ አንድ የውጭ አገር ቀዶ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ሐኪሙ ሕክምናው በአገሩም ቢሆን አዲስ መሆኑን አልሸሸገኝም። እንደ ገባኝ ከሆነ፣ ከጨጓራዬ የሲኒ ያህል ከረጢት ብቻ አስቀርቶ ከአንጀቴ ጋር ሰፋት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጉርሻ ያጠግበኛል፤ አራተኛው ያልበኛል፤ ማር የቀመስኩ እንደ ሆነ ደግሞ ልቤ እንደ ነጋሪት ይመታል።

በምሰናበትበት ቀን ሐኪሙ በአስተርጓሚ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ በሩን አጠበብኩት እንጂ ሌባውን አላሰርኩትም። በየቀኑ በእግርህ ካልሄድክ የወጣው ሥጋ ሁሉ መንገዱን አያጣም። በቅሎህን ሽጥ።»

በቅሎዬን ሸጥኳት። ከገዢው ይልቅ እሷ ደስ ያላት መሰለኝ።

በስምንተኛው ወር ወደ ሥራ ስመለስ ግማሽ ሰው ሆኜ ነበር፤ ጉልበቴም ታዘዘልኝ። እኔ «እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል ጠብቄ ነበር። የአሰላ ሰው ግን ያየኝ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ባለቤቴን ገበያ ላይ «ምነው፣ ባልሽን ታስጾሚያቸዋለሽ እንዴ?» ብለው ስለ ነገሯት ከኮቴ ሥር ሁለት ሹራብ እንድደርብ ለመነችኝ። በእግር መሄዱማ ከክሳቱ የባሰ ኀፍረት ሆነ። እንደ እኔ ያለ ሹመኛ በእግሩ ሲሄድ የታየ እንደ ሆነ ወይ በቅሎው ሞታለች፣ ወይ ራሱ ተሽሯል። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«በቅሎዋ ሞተችባቸው መሰል።»

«ኧረ ምን በቅሎዋ! እሳቸውም ያው ናቸው።»

ስለዚህ ማታለል ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ከቢሮ «ልራመድ» ብዬ እወጣና ከገበያው ዳር ካለው ልብስ ነጋዴ ሱቅ ስደርስ እቀመጣለሁ። ነጋዴው ቀልድ ወዳድ ሙስሊም የከተማው ተወላጅ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ከተጫወትን በኋላ ግንባሬን በመሐረብ እየጠራረግሁ፣ ብዙ እንደ ሄደ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ። ሚዛን ላይ ብወጣ ሐኪሙ ትክክል እንደ ነበር ይገባኝ ነበር፤ ስለዚህ አልወጣም። ቀበቶዬ ግን አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሳ ነበር።

ነገሩ የተፈጠረው እንዲህ ሱቅ ውስጥ በተቀመጥኩበት በአንዱ ጠዋት ነው።

ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሹም ሳይታሰብ መጣ። ቢሮው በር ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዘበኛችን ነበሩ፤ ከተራራው ወዲያ ተወልደው ያደጉ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ሶላታቸውን የማያስታጉሉ አርሲ። አማርኛን ያወቁት ከጎለመሱ በኋላ ነውና የሚናገሩት በቁጠባ ነበር። ሁለተኛው ምክትሌ ነው። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ያንሳል። ጫማው ሁልጊዜ ያበራ ነበር፤ ቡናማ ባርኔጣውም ከራሱ አይወርድም ነበር። ቡናማ ነበር እላለሁ፤ ግራጫም ሊሆን ይችላል።

ስመለስ ዘበኛው የሆነውን ነገሩኝ። ቃላቸውን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«እንግዳ መጣ። ‹ተቆጣጣሪው አሉ ወይ?› ተባለ። ‹የሉም› ተባለ። ምክትልዎ ባርኔጣ አወለቁ። እንግዳው ‹ነፍስ ይማር› አለ። ‹አሚን› ተባለ። ሄደ።»

ማን አሚን እንዳለ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እንግዳው ሆዴ መቀደዱን በወሬ ሰምቷል፤ «የሉም» ሲባል ሞተዋል ብሎ ተረዳ። ይህ ይቅር የሚባል ስሕተት ነው፤ ቋንቋችን ከቢሮ የወጣውንም ከዓለም የወጣውንም በአንድ ቃል ይሸኛል። ነገር ግን በሕይወት መኖሬን የሚያውቅ፣ በዚያው ጠዋት «እንዴት አደሩ» ያለኝ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ «አሜን» ማለቱ ስሕተት አይባልም። ዘበኛው እንደ ሃይማኖታቸው «አሚን» ብለው ጠሩት እንጂ የማን አፍ እንደ ሆነ ገባኝ። ገባኝ ብዬ ነበር።

ምክትሌን ጠርቼ ጠየቅሁት።

«ስሕተት ነው ጌታዬ» አለኝ።

«የማን?»

«የእንግዳው።»

ባርኔጣውን አስተካክሎ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ወር ያህልም ይሆናል፣ በባለቤቴ ስም ደብዳቤ መጣ። ባለቤቴ የከፈተችው እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እንቁላል ስበላ ነበር። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

«ሞተሃል ይላል» አለችኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ ይለኛል። እንቁላልህን ጨርስ።»

የደብዳቤው መጨረሻ ምክትሌ ሥራዬን ሸፍኖ እንዲሠራ መታዘዙን ይገልጽ ነበር። እኔም በሕይወት መኖሬን በማመልከቻ አስታወቅሁ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ በገዛ እጁ የጻፈ ሰው ቂም መያዙን የሚነቅፍ ካለ አንድ ጊዜ ይጻፈውና ይንቀፈኝ። መልሱ ሲመጣ በሕይወት መኖሬ እንዳስደሰታቸው ገለጹልኝ፤ ሆኖም የጤናዬን ሁኔታ በመመልከት፣ ክረምት ሳይገባ ጢቾን ጨምሮ የገጠሩን ትምህርት ቤቶች ዞሬ ካልጨረስኩ ወንበሬን ለምክትሌ አስረክቤ ወደ መዝገብ ቤት እንድዛወር ወሰኑ። ጢቾ በተራራው በኩል የሁለት ቀን መንገድ ነበር። መኪና በዚያ አያልፍም። እኔ ደግሞ በቅሎ የለኝም፤ እግሬም ከልብስ ነጋዴው ሱቅ አያልፍም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መስኮት ሥር ተቀምጬ ሳስብ፣ መፍትሔው ከአንድ የድሮ ደንብ ውስጥ ተገለጠልኝ። ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ከተጻፈው ሁሉ የጸና ደንብ ነው፤ አለቃ በእግሩ እየሄደ ምንዝር በቅሎ አይቀመጥም።

ምክትሌን አስጠራሁት።

«ከነገ ጀምሮ በአሥራ ሁለት ሰዓት በሬ ላይ ጠብቀኝ» አልኩት። «የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ እየሄድን እንነጋገራለን።»

«በበቅሎ ነው ጌታዬ?»

«እኔ በእግሬ ነኝ። አንተ እንደ ፈቀድክ።»

ጫማውን አየ። እንደ ፈቀደ ሊሆን እንደማይችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ባለማሰሪያ ጫማውን አብርቶ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔ ከፊት፣ እሱ በግራዬ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆነን ወጣን። የአሰላ የበጋ አቧራ የታወቀ ነው። ስለ መምህራን ዝውውር፣ ስለ ጠመኔ፣ ስለ ቆርቆሮ እያነሣሁ መልስ እንዲሰጠኝ አስገድደው ነበር፤ ዳገት ላይ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። በሚቆራረጠው ትንፋሹ መካከል የሚወጣው «አዎን ጌታዬ» ከሦስት ጉርሻ በላይ ያጠግበኝ ነበር።

ከሱቁ ስንደርስ ወንበር የዘረጋልኝን ልብስ ነጋዴ በእጄ ሰላም ብዬ አለፍኩ። ነጋዴው ደነገጠ።

«ጌታው! የት ነው የሚሄዱት?»

«ትንሽ ወደ ፊት።»

በሳምንቱ ምክትሌ እያነከሰ ሲያልፍ አይቶ ጮኸ፤ «ጌታው፣ እኚህን ሰውዬ ሐጅ ሊያደርሷቸው ነው? ሃይማኖታቸውን ጠይቀዋቸዋል?» ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ደግሞ ከተሽከርካሪው ሥር ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ለጫማዎ ከሎንችና ጎማ ልቁረጥልዎት? አሥር ዓመት ዋስትና አለው!» አለው። ምክትሌ አልመለሰለትም። ለመመለስ ትንፋሽ ያስፈልጋል።

የብርቱ ሰው አካሄድ እንዳልነበረኝ መናገር አለብኝ። ስፌቴ ይጎትተኝ ነበር። በባዶ ሆዴ ስወጣ ዓይኔ ይጨልማል፤ ትንሽ ቀምሼ ስወጣም ያልበኛል። ብዙ ጠዋት አልጋው ውስጥ ሆኜ ዛሬስ ይቅርብኝ እል ነበር። ሐኪሙን አስብ ነበር፤ አያስነሣኝም። ስኳሬን፣ ልጆቼን፣ መዝገብ ቤቱን አስብ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ከሁሉም ይበልጣል። በመጨረሻ ግን አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ እኔ ከቀረሁ እሱ ተኝቶ ያረፍዳል። ይህን ጊዜ እግሬ መሬት ይነካል። ዛሬ «ተነሳሽነት» እያሉ ስለዚህ ነገር የሚያስተምሩ ወጣቶችን ስሰማ ዝም የምለው ስለዚህ ነው። የኔን መድኃኒት ለሰው ማዘዝ አልችልም።

አንድ የሚያናድድ ነገር ግን ተፈጠረ። በሁለተኛው ወር ገደማ ምክትሌ ማነከሱን ተወ። ቦርጩ ጎደለ፤ ፊቱ ጠራ። አንድ ቀን ዳገት ላይ ስለ መጻሕፍት እጥረት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከነማሰሪያ አንቀጹ ሳይቆርጥ ተናገረ። ለበቀል ያዘጋጀሁት ነገር ፈውስ ሆነለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን ወደ ጭላሎ ግርጌ አዞርኩት፤ ሰዓቱንም በግማሽ ጨመርኩ። እሱ በበረታ ቁጥር እኔ ርቀቱን እጨምራለሁ። ልብ አላልኩትም እንጂ፣ ለመጨመር እኔም መበርታት ነበረብኝ።

ሲሬንና አርቦዬን በየካቲትና በመጋቢት ጨረስኩ። ጢቾን ለግንቦት አስቀረሁት።

ሦስት ሆነን ተነሣን፤ እኔ፣ ምክትሌና አገሩን የሚያውቁት ዘበኛ። አንዲት የጭነት በቅሎ የፈተና ወረቀትና የመሥሪያ ቤቱን መዝገቦች ተሸክማለች። የመጀመሪያው ቀን ዳገት ነው። ያደርነው ከዘበኛው ዘመዶች ቤት ነበር፤ ጭኮ አቀረቡልን፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት። እኔ ከጣቴ ጫፍ የምታንስ ቆርሼ ስተው የቤቱ እመቤት በኦሮምኛ አንድ ነገር አለች። ዘበኛው «‹ይህ ሰውዬ ጠልቶናል ወይስ ሞቶ ነው?› ትላለች» ብለው ተረጎሙልኝ። ምክትሌ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ሳቀ። ያን ሳቅ ለማግስቱ አስቀመጥኩለት።

በማግስቱ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ብቻ ከሚበቅልበት ብርዳም አናት ስንደርስ ምክትሌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። አሮጌውን ባለማሰሪያ ለጉዞው ብሎ በአዲስ ለውጦት ኖሯል። በከተማ ሰው ሁሉ ላይ የሚደርስ ስሕተት ነው፤ ለክብር ቀን የሚቀመጥ ጫማ ለዳገት ይመረጣል።

«ጌታዬ፣» አለኝ፣ «በቅሎዋ ላይ ትንሽ ልቀመጥ?»

«በቅሎዋ የመንግሥት ወረቀት ጭናለች» አልኩት። «ተነሥ። ዛሬ ጢቾ ካልገባን ቀጠሮው ያልፋል።»

እውነት ነበር። የወረዳው ሰዎች በዚያ ቀን ይጠብቁን ነበር፤ መድረሴ በመዝገብ ካልተፈረመበት ወንበሬ አበቃለት። ያስደሰተኝ ግን እውነት መሆኑ አልነበረም።

ዘበኛው ልጓሙን እንደ ያዙ ወደ እኔ ተጠጉ።

«ጌታዬ፣ እኚህ ሰውዬ ምን በደሉ?»

«እርስዎ አይደሉም የነገሩኝ? በቁሜ ‹ነፍስ ይማር› ሲባልልኝ አሜን አለ።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ!»

ሽማግሌው ወደ ምክትሌ፣ ከዚያም ወደ እኔ ተመለከቱ። «እሳቸው? እሳቸው ምንም አላሉም። ባርኔጣ አወለቁ፣ ዝም አሉ። አሚን ያልኩ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«እንግዳው ‹ይማር› አለ። እርስዎ ታመው ነበር። ለታመመ ሰው ይማር ሲባል አሚን አይባልም? ዝም ልበል? አላህ ይወደዋል?»

ቆሜ ቀረሁ። «እግዜር ይማርዎት» ለሕመምተኛ፣ «ነፍስ ይማር» ደግሞ ለሞተ መሆኑን ሽማግሌው ከየት ያውቁታል? ለእሳቸው ሁለቱም ምርቃት ነው፤ ምርቃት ደግሞ ያለ አሚን አይታለፍም። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። እኚህ ሰው በራሳቸው ሥራ ላይ «እኔ» ማለትን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ነበሩ። በየጠዋቱ «ቢሮው ተጠርጓል፤ ውኃ ተቀድቷል» ይሉኛል፤ ማን ጠረገው ብዬ አልጠየቅሁም። «አሚን ተባለ» ሲሉ ግን ባለቤት የሌለውን ግሥ አንሥቼ የምጠላውን ሰው ባለቤት አደረግሁለት። እኔ ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

በዚያው ቅጽበት እግሬ ከዳኝ። ይህን አልጠራጠረውም። ከወራት በፊት የነበረው ትንፋሽ ማጠር ተመለሰ፤ እኔም ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለአምስት ወር የተሸከመኝ ነገር እዚያ አናት ላይ ጥሎኝ ሄደ። ጢቾ በስተታች ገና የግማሽ ቀን መንገድ ነበረች፤ እኔም የምደርስ አልመሰለኝም።

ከፊት ለፊቴ እግሩን በመሐረብ የሚጠቀልለውን ሰውዬ ተመለከትሁ።

«ባርኔጣህን ለምን አወለቅህ?» አልኩት።

የተነጋገርነውን ሁሉ ሰምቷል። ቀና ሳይል መለሰ። «ከአዲስ አበባ ለመጣ ትልቅ ሰው ባርኔጣ ይወለቃል ጌታዬ።»

«‹ነፍስ ይማር› ሲልስ? አልሞቱም የማለት አፍ አልነበረህም?»

የመሐረቡን ጫፍ አሰረ። ነፋሱ አስታውን ያንቀሳቅሰው ነበር።

«ወንበሩን አየሁት» አለኝ።

«ምን?»

«በሩ ክፍት ነበር። የእርስዎን ወንበር አየሁት። ሰውየው ተናግሮ እስኪሄድ ድረስ እሱን ሳይ ቆየሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

እንዲህ ያለ ንጹሕ ኑዛዜ ለቄስ እንኳ መቅረቡን እጠራጠራለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅር ይለው ይሆናል። እኔ ግን ሙቀት ከእግሬ ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። አሜን አላለም፤ ወንበሬን ግን አይቷል። ዝም ያለው በስሕተት አይደለም፤ እያወቀ ነው። ቂሜ ተመለሰልኝ፤ ያውም ከበፊቱ በተሻለ ማስረጃ። ተነሣሁ።

«ጭነቱን ያውርዱት» አልኳቸው ዘበኛውን። «ወረቀቱን እኔና እርስዎ እንካፈላለን። እሱ በቅሎዋ ላይ ይውጣ።»

ሽማግሌው ራርቼ መስሏቸው መረቁኝ። ምክትሌ ግን ወዲያው ገባው፤ ፊቱ ተለወጠ። «ጌታዬ፣ ግድ የለም፣ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» አለ። «እግርህ ቆስሏል፤ ውጣ» አልኩት። አለቃው ወረቀት ተሸክሞ በእግሩ ከፊት፣ ምንዝሩ በበቅሎ ከኋላ ሆኖ በጠራራ ፀሐይ ከተማ መግባት ምን ማለት እንደ ሆነ ያ ዘመን ያሳደገው ሰው ሁሉ ያውቃል። ቁልቁለቱን ሙሉ ለመነኝ። «ከተማው ሳይደርስ ልውረድ ጌታዬ። እባክዎ፣ ሰው ያየኛል።» እኔ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ያን ቁልቁለት እንዴት እንደ ወረድኩት አላስታውስም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ የሄድኩበት ጊዜ የለም።

ጢቾ ስንገባ ተማሪዎች በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ነበር። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አዲስ ሰው ነበር፤ አይቶኝ አያውቅም። ተቆጣጣሪው ወፍራምና ባለ በቅሎ መሆኑን ብቻ ነግረውታል። በአጠገቤ እየሮጠ አለፈና የምክትሌን እርካብ ያዘ። «እንኳን ደኅና መጡ ጌታዬ!» አለ ዝቅ ብሎ። ከዚያም ዘወር ሲል እኔን፣ ትከሻዬ ላይ ወረቀት የጫንኩትን ቀጭን ሰው አየኝ።

«አንተ፣» አለኝ፣ «ወረቀቱን እዚያ ጥላው ሥር አኑረውና ውኃ ጠጣ።»

አፌን ልከፍት ስል ተማሪዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ለወራት የቀመምኩት በቀል ተገልብጦ ራሴ ላይ ፈሰሰ። ምክትሌ ከበቅሎዋ ላይ ሆኖ ወደ ታች አየኝ፤ ምን እንዳሰበ አላውቅም። አንድ አፍታ ዝም ቢል፣ ያንን ዝምታ ደግሞ የሚያውቅበት ሰው ነው፣ ቢያንስ ለዚያ ሰዓት የተመኘውን ሁሉ ያገኝ ነበር። እሱ ግን በቆሰለ እግሩ ዘሎ ወረደ፤ ፊቱ በሕመም ሲጨማደድ አየሁት።

«ተቆጣጣሪው እሳቸው ናቸው» አለ ጮክ ብሎ። «እኔ ምክትላቸው ነኝ። እግሬ ቆስሎ አዝነውልኝ ነው።»

ዳይሬክተሩ እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። መዝገቡ ቀረበ፤ ፈረምኩ፤ ወንበሬም በዚያ ፊርማ ጸና። ማሸነፌን አውቃለሁ። ግን ከዚያ ምሽት የማስታውሰው የተዘረፈ ሰው ስሜት ነው። ውለታ ዋለልኝ። የበደለኝን ሰው ከውለታው በኋላ መጥላት ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ከጢቾ ከተመለስን በኋላ ጠዋት ጠዋት ዘግይቼ መነሣት ጀመርኩ። እሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት በሬ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ እኔ ግን አንድ ቀን ዝናቡን፣ ሌላ ቀን ስፌቴን ምክንያት አደርጋለሁ። ክረምቱ ሲያልቅ ቀበቶዬ እንደገና መናገር ጀምራ ነበር።

በመስከረም እሱ ወደ ሲሬ ተዛወረ፤ የራሱ ወንበር ተሰጠው። አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት፤ ሥርዓት ነውና። ሻንጣው ጣራ ላይ ከተጫነ በኋላ ተጠግቶ እጅ ነሣኝና በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ እዚያም በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ጥሩ ነው» አልኩት። «ለጤናህ ይበጅሃል።»

«ለጤናዬ አይደለም» አለኝ። ዓይኑ ይስቅ ነበር፤ ወይም እኔ ዛሬ ሳቁን እየጨመርኩበት ይሆናል። «ሰሞኑን አልጋ ወድደዋል። በቀብርዎ ዕለት ከሲሬ እስከ አሰላ በእግሬ ነው የምመጣው፤ በበቅሎም በአውቶቡስም አይደለም። አሁኑኑ ካልተለማመድኩ አልደርስም።»

መልስ ሳይጠብቅ ገባ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። በመስኮት ባርኔጣውን ነቅነቅ አደረገልኝ። እነዚህን ቃላት በትክክል ተናግሯቸው ይሆን፣ ወይስ እኔ ስለሚያስፈልጉኝ በኋላ ሰፍቼ አልብሼው ይሆን? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። መስማቴን እምላለሁ፤ መባላቸውን ግን በመሐላ አላረጋግጥም።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ባለቤቴ «ዝናብ ነው እኮ፣ ማን ይጠብቅሃል?» አለችኝ። በሬ ላይ ማንም አልነበረም። አንገቴን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ልብስ ነጋዴው ሱቁን እየከፈተ ነበር፤ ብቻዬን ሲያየኝ ወንበሩን ሊያወጣልኝ ዞረ፤ እኔ ግን ቆሜ አልጠበቅሁትም። ከተማው እስኪያልቅ ሄድኩ፤ ከዚያም ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ሲሬ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።